የተለቀመውን ማሾ ደግመን የለቀምንበት ክረምት

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ማሾ አበጥሮ ወደ ውጭ የሚልክበት መጋዘን ነበረው። እኔም ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ ሌላ ሥራ ሳልፈልግ እሱ ጋ ገባሁ። ከገበሬ እንገዛለን፤ ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው ጠጠሩንና የተሰበረውን ይለቅማሉ፤ ንጹሑ በጆንያ ተሰፍቶ ይጫናል። የውጭው ገዢ በዶላር ይከፍላል፣ ባንክ በብር ይመነዝርልናል። የምንኖረው በዚሁ ነበር።

በዚያ ዓመት ማሾውን የገዛነው ዶላር ውድ ሳለ ነው። ከገዢውም ጋር ዋጋ ቆርጠን ጨርሰናል። ከዚያ ብሩ ጠነከረ፣ ዶላር ረከሰ። ሰፈሩ ደስ አለው። እናቴ ከሱቅ ተመልሳ "ዘይት ቀነሰ፣ አልሐምዱሊላህ" ስትል አባቴም "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም። የመጣልን ዶላር ሲመነዘር ለገበሬው የከፈልነውን እንኳ አይመልስም ነበር። ሰው ሁሉ በተደሰተበት ነገር ማዘን እንዴት እንደሚያሳፍር ያኔ ገባኝ።

በዚያ ላይ የቀደመው ዓመት የትርፍ ግብር ይጠበቅብናል። አባቴ ከሌሎች ላኪዎች ጋር ሆኖ እንዲቀነስላቸው ለመጠየቅ ደሴ ወጣ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ያነጋገረን የገቢዎች ኃላፊ ትሑት ሰው ነው። "ጥያቄያችሁን ለበላይ አቅርበናል፤ ትንሽ ታገሡ" አለን።

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "ሰምተሻል? አቅርበናል ነው ያለው። ይቀንሱልናል" አለኝ። ፊቱ ፈክቶ ነበር።

ወሬ ሳይመጣ የሚለቀም ማሾ አለቀ። አዲስ መግዣ የለንም፤ የቀረን ተለቅሞ ጭነት የሚጠብቀው ጆንያ ብቻ ነው። አንድ ሰኞ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ሲመጡ አባቴ "ከተለቀመው ጆንያ ፍቺላቸው" አለኝ።

"አባ፣ እሱ እኮ ንጹሕ ነው።"

"አውቃለሁ። አሁን ከተበተኑ መልሼ አላገኛቸውም። ግብሩ እስኪቀነስልን ነው።"

ፈታሁላቸው። ደሞዛቸውን አባቴ ከባንክ እየተበደረ ይከፍል ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጠጠር የሌለበትን ማሾ ሲለቅሙ፣ ምሽት ላይ እኔው መልሼ ስሰፋው ከረምን።

ከሴቶቹ ትልቋ መጋዘኑ ከተከፈተ ጀምሮ አብራን የነበረች የደሴ ዙሪያ ሰው ናት፤ ልጆቿን ለብቻዋ ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆመች።

"ሐጂ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?"

"ንገሪኝ።"

"የምንለቅመው የተለቀመ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ያሰናብቱን።"

"ጥቂት ጠብቁኝ። ይቀንሱልናል።"

"እኛ ሌላ ሥራ እንፈልጋለን። እርስዎ ግን በኛ የተነሣ ቤትዎን ከሸጡ ምን ይቀርዎታል? እስካሁን ያደረጉልንን እግዜር ይክፈልዎ።"

አባቴ በፎጣው ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እናቱን ሲቀብር እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

በማግስቱ ሴቶቹ መጥተው መጋዘኑን ጥርግ አድርገው ጠረጉት። እስላሞቹ ዱዓ አደረጉ፣ ክርስቲያኖቹ መረቁ። ከዚያ ወጡ። አንዳንዶቹ ፋብሪካ ገቡ፣ አንዷ ዓረብ አገር ሄደች። ትልቋ ሰኞ ገበያ ጎመን ትቸረችራለች ሲሉ ሰማሁ፤ ሄጄ ለመጠየቅ ግን አቅም አጣሁ። መጋዘኑን ሸጠን የባንኩን ብድርና ግብሩን ከፈልን። የገዛው ሰው ከውጭ ያስመጣውን ሴራሚክ ሞላበት።

ከወራት በኋላ ላኪ የሆነ የአባቴ የድሮ ባልደረባ ደወለ። አባቴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስለሚያናግር ሁሉንም ሰማሁ። ግብሩ ተቀንሷል፤ ግን እስካሁን እየላኩ ላሉ ብቻ ነው። አባቴ "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከልቤ ነው" አለው፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ ጠየቀና ስልኩን ዘጋ።

"አባ..." አልኩ።

"ምሳ አቅርቢ" አለኝ።

አቀረብኩ። እጁን ታጥቦ ቢስሚላህ ብሎ ቆረሰ፤ ያንኑ ጉርሻ እንደያዘ ብዙ ቆየና መልሶ አስቀመጠው።