አባባ ያለቀሰላት ሯጭ

የፊት ጥርሴ ገና እየተነቃነቀ፣ ገሱባ በምትባል ትንሽ ከተማ አባቴ ቤት ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግረን የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። አባባ ነበር የምንለው። የእሱ ተረት ግን የጅብና የቀበሮ አይደለም፤ ከራዲዮ የሰማው ሩጫ ነው። ፍሙ ዳር በኩራዝ ብርሃን ተቀምጦ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ለያንዳንዱ ዙር አንድ የበቆሎ ፍሬ አመዱ ላይ ያስቀምጣል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችውን የመጀመሪያዋን ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ነበር። ሃያ አምስተኛው ፍሬ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ሲደርስ እንባው ይመጣል። «ሴት ናት እኮ» ይለናል። ያኔ እኔን እኔን የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሆኜ በትምህርት ቤታችን ሩጫ አንደኛ ወጣሁ። ወረዳውን ወክዬ ሶዶ ከተማ ሄጄ እንድሮጥ አስተማሪያችን ቤት ድረስ መጥቶ ጠየቀ። አባቴ ወደ ታላቅ ወንድሙ ዞረ። እኔ ጀሪካኔን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ፣ እሱ ከተጠየቀማ ሄድኩ ብዬ ነበር። አባባ ግን ሴት ልጅ በቁምጣ ሰው ፊት አትሮጥም፣ ሶዶም አታድርም አለ። አስተማሪው ለመነው፣ አልሰማም። እኔም ደፍሬ፣ «አባባ፣ ያቺስ?» አልኩት።

«እሷ የሌላ ሰው ልጅ ናት» አለኝ። «አንቺ የኛ ነሽ።»

በእኔ ቦታ ሁለተኛ የወጣችው ሄደች። እሱ በዚያው ምሽት ምንም እንዳልተፈጠረ ፍሬውን አመዱ ላይ መደርደር ጀመረ። ያች ሴት ስታሸንፍ ሊያለቅስ! ተነስቼ ወጣሁ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሁን ሶዶ ነው የምኖረው፤ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ፈሪ እናት ነኝ፤ ባጃጁንም እፈራለሁ፣ ጉንፋኑንም እፈራለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ቢጠና የምትባል ከተማ ሄዳ እንድትሮጥ ወላጅ ይፈርም የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት መጣ። ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው፣ «አይሆንም፣ ትወድቂያለሽ» ነው።

ልጄ አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። ወረቀቱን መልሳ ልትወስድ እጇን ዘረጋች። ያኔ ደሜ ፈላ፤ በአባባ ብቻ አይደለም፣ በራሴም። ለካ ከዚያ ሁሉ ማታ እኔ ጋ የቀረው ሩጫው ሳይሆን ክልከላው ነው።

እስክሪብቶ አምጪ አልኳት። ስሜን ጽፌ እስክጨርስ ቆየሁ። አሁንም እፈራለሁ። ከወደቀችም ግን እዚያው ሜዳው ላይ ትውደቅ።