«ረጋ!» ያሉኝ ሲስተር ወይንሸት

ሲስተር ወይንሸት አርፈዋል። ያልሰማችሁ ካላችሁ ስሙት። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከንቲንዳ ሰፈር በቦዳ ሞተር ተሳፍረው ወደ ሥራ ሲሄዱ ናካዋ መንገድ ላይ መኪና ገጫቸው፤ ሕክምና ሳይደርሱ አለፉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አሳምሬ መጻፍ አላውቅበትም። ግን ልጄ ሶልያና ዛሬ በሕይወት ያለችው በእሳቸው ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሥራቸው ግን ይህ ነበር፦ የሕፃን ልብ ሲከፈት ደሙ በማሽን ውስጥ ይዞራል፤ እዚያ እንዳይረጋ መድኃኒት ይሰጣል። ሲስተር በየጊዜው ጥቂት ደም እየቀዱ በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ ይለኩ ነበር። ማሽኑ ውስጥ ከረጋ ልጁ ይሞታል። በመጨረሻ መድኃኒቱ ሲሻር ካልረጋ ደግሞ ደሙ ፈስሶ ያልቃል።

«መርፌው ለምን እንዲህ አነሰ?» ብያቸው ነበር፣ ከሶልያና ደም ሲቀዱ።

«የልጅሽ ደም ተጠራቅሞ አንድ ሊትር አይሞላም። ሳልቆጥብ ብቀዳ እኔው ልጨርሳት ነው?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀዶ ጥገናዋ ዕለት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ሲስተር በሩን ከፍተው ብቅ አሉና «ረጋ!» አሉኝ። እኔ ደም ረጋ ሲባል የማውቀው ሰው ሲሞት ነው፤ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ጮህኩ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ረጋ በይ! መርጋቱ እኮ ነው የምሥራቹ! ደረቷን ሊዘጉ ነው!» ብለው አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሁለተኛ ለሐበሻ እናት ‹ረጋ› አልልም!»

«ዳነች በሉኛ!» አልኳቸው።

ሳቃቸውን አቆሙ። «አልዋሽሽም። ገና አንድ ቀዶ ጥገና ይቀራታል።»

የቀረው በሚቀጥለው ወር ነው። ሐሙስ ዕለት ሆስፒታሉ ሄጄ «በእሳቸው ቦታ ማን ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሰው እየፈለግን ነው» አሉኝ። እየፈለግን! ካልተገኘ ይራዘማል። ሶልያና ግን አሁንም ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል።

ቀብሩ ላይ «በሥራቸው ይኖራሉ» ሲባል ሰማሁ። አይኖሩም። ቢኖሩማ ልጄን ለማን ልስጥ እያልኩ አልባዝንም ነበር።

ሲስተር፣ ያን ጊዜ ልጄን ታቅፌ ስወጣ በደስታ ብዛት እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኩዎትም። ይኸው አሁን አልኩ፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። አፈሩ ይቅለልዎት። ሰው ከተገኘ ሶልያናን አስገባታለሁ፤ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? ያ በር ሲከፈት ግን እውነቱን የሚነግረኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። ደኅና ይሁኑ።