ጋሼ ጆሮና አሥራ ሰባተኛው መጋቢ

ፋብሪካው ውስጥ «ጋሼ ጆሮ» ካልተባለ ማንም አያውቀውም። እዚያ ከሰሊጥ ያነሱ ዕቃዎችን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሚተክል ማሽን አለ። ዕቃዎቹ በጥብጣብ ተደርድረው ይመጣሉ፤ ጥብጣቡን ወደ ማሽኑ የሚገፉት ደግሞ በአየር የሚሠሩ መጋቢዎች ናቸው። አየሩ ከበዛ ዕቃው እንደ ቁንጫ ይዘላል፤ ካነሰ ጥብጣቡ ቦታው አይደርስም። ሌላው የአየር መለኪያው ላይ አፍጥጦ ሲጨነቅ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የአየሩን ትንፋሽ እያዳመጠ አየሩን የሚመጥነውን ብሎን ያዞራል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠራ።

ዘንድሮ ጆሮው ከዳው። ቀድማ የነቃችበት ሚስቱ ናት።

«ኧረ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው! ጎረቤት ዜናውን በቃሉ ያዘው እኮ!»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላ ብትመክረውም አልሰማትም፤ ይህን እንኳ ያልሰማው በፈቃዱ ነው። ዓይኑ የደከመ ባልደረባው መጋዘን ተልኮ ካርቶን ሲደረድር አይቷል። እሱም ከማሽኑ እንዳይለዩት ፈራ።

አንድ ጠዋት አሥራ ሰባተኛው መጋቢ ዕቃ ይረጭ ጀመር። የማሽኑ ኦፕሬተር፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት፣ አስጠራችው። መጥቶ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ብሎኑን ሩብ ዙር አዞረ።

«በቃ፣ አሁን ልክ መጣ» አለ አፉን ሞልቶ።

ዓይኑን ሲገልጥ የመለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል። ለካ ሴትየዋ የተረጨውን ዕቃ ልትለቅም አየሩን ዘግታው ኖሯል። ክው ብሎ ቀረ።

ሌላ ቀን ቢሆን ፋብሪካው እስኪሰማ ትስቅበት ነበር። አሁን ግን አንጀቷን በላውና አየሩን ከፈተች። ወዲያው ተቆጣጣሪው ደረሰ።

«አለቀ ጋሼ?»

አዎ ቢል ማን ያውቅበታል? ሴትየዋ እንደሆን አትናገርም።

«አላለቀም» አለ ጋሼ ጆሮ። «የአየሩን ትንፋሽ መስማት ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

ሴትየዋ ተቆጣጣሪውን ቀደመችው።

«ታዲያ ምን ችግር አለ? እኔ እሰማለሁ፣ ጋሼ ያዞራል። ወይስ ብሎኑን ለኔ ልትሰጠኝ ነው?»

«አንቺማ እንዳትነኪው!» ብሎ ደነገጠ ተቆጣጣሪው። «እሱ ራሱ ያዙረው።»

ጋሼ ጆሮ ብሎኑን በቀስታ አዞረ። ትንሽ ጨመረ፤ ትንሽ መለሰ። እሷ ከኋላው ቆማ ታዳምጣለች። ድንገት ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ እጁ ባለበት ቆመ።

ማሽኑ አንድ ዕቃ እንኳ ሳይጥል ሰሌዳውን ሞላ። ጋሼ ጆሮ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል አለቀሰ። ከዚያ አብረው ወደ አሥራ ስምንተኛው መጋቢ አለፉ።