በሦስት ስም የተመረመረ ደም

በማጸዳበት የጎፋ ክሊኒክ አንድ የፋብሪካ ዘበኛ በወር ሦስቴ መጥቶ ደሙን አስመረመረ። በካርድ ክፍሉ መስኮት የሚናገረው ስም ግን በየጊዜው ሌላ ነበር። የካኪ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ ይቀመጣል። ሌባ ነው ብዬ ነጠላዬን ከመስቀያው አነሳሁ።

ሦስተኛውን ውጤት ሲቀበል የላቦራቶሪው ሚሳኤል ሳቀ።

«አባባ፣ ስም ቢለውጡ ደሙ ያው ነው። ነጭ የደም ሴልዎ አሁንም ከልክ በላይ ነው።»

«የድሮውን ወረቀት ገልብጣችሁ እንዳትሰጡኝ ብዬ ነው። ደግሞስ ነጩ የሰውነት ዘበኛ ነው አላልከኝም? ዘበኛ በዛ ተብሎ የደም ካንሰር ይባላል?»

«የበዛው ሥራውን የተወ ዘበኛ ነው። ደህናውን ሴል ቦታ አሳጣው። ሆስፒታል ይሂዱ ያልነው ለዚህ ነው።»

እኔም አላመንኩትም፤ ዘበኛ በዝቶበት የፈረሰ ቤት አላየሁም። ሰውየው ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«የእኛን መጋዘን የዘረፈውም ከውጭ የመጣ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ።

ወደ መስኮቱ ተመልሶ ወደ ሆስፒታል የሚልከውን ሪፈር ጠየቀ። ስም ሲባል ከሦስቱ አንዱንም አልተናገረም። አራተኛ ስም ሰጠ፤ ይኼኛውን ግን እስከ አያቱ ጠራው።