ጋሽ መስኮትና የከሰሉ ጋዝ

ጋሽ መስኮት የሚለውን ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት፤ ያጸደቀው ግን መላው ሰፈር ነው። ሰውየው የገባበትን ቤት መስኮት ሳይከፍት መቀመጥ አይሆንለትም። ዕድሜውን የጨረሰው ድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ ነው፤ ሥራው ከከሰሉ የሚወጣውን፣ ፈንድቶ ሰው የሚፈጀውን ጋዝ እየተከታተለ በነፋስ ማስወጣት ነበር። ጡረታ ሲወጣ ጋዙም አብሮት የወጣ ይመስል መኝታ ቤት፣ አውቶቡስ፣ የሐኪም ክፍል ሳይል ይከፍታል። ታናሽ ልጁ በእሱ ቦታ ተቀጥራ ጉድጓድ መውረድ ከጀመረች ወዲህማ ብሶበታል። እሱ ይከፍታል፣ ሚስቱ እየተከተለች ትዘጋለች። የማድ ቤቷን መስኮት ግን አታስነካውም።

«በዚህ ሰውዬ የተነሳ ጉንፋን ቤተሰብ ሆኖናል» ትላለች።

ታዲያ አንድ ኩባንያ መጣና ከከሰሉ ውስጥ የተፈጥሮ ጋዝ እንፈልግ፣ ፍቀዱልን አለ። አዳራሽ የተጠራው ነዋሪ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሥራ እናገኛለን ሲል ግማሹ ውሃችን ይበላሻል አለ። ጋሽ መስኮት እንደሚቃወም ማንም አልተጠራጠረም፤ የጋዝ ምድጃ ቤቱ እንዳይገባ ብሎ ከሚስቱ ጋር ስንቴ ተኳርፏል!

እሱ ግን መጀመሪያ የአዳራሹን መስኮት ከፈተ። የሰብሳቢው ወረቀት ተበተነ፣ ሰው ሳቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ፣ ወረቀቱ ተለቃቅሞ ሲያበቃ። «እናንተ ጋዙን ከላይ ስትስቡት ከታች ጉድጓዱ ውስጥ ይቀንሳል?»

«ሊቀንስ ይችላል፣ አባቴ» አለችው የኩባንያው መሐንዲስ። «ሳንቆፍር ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም።»

«ውሃውስ?»

«እሱንም እየለካን ነው የምንሄደው።»

«ስትለኩ የእኛም ሰው አጠገባችሁ ይቁም» አለና ድምፅ ሲሰጥ ፍለጋውን ደግፎ እጁን አወጣ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አፉን ይዞ ቀረ። ከዚያ ያመነታ የነበረው ሁሉ ተከተለው፤ ለጊዜው ፍለጋው ብቻ ተፈቀደ።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ መቀመጫም አልሰጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን ስታባርረው ኖረህ ዛሬ ደግፈኸው መጣህ? ታረቃችኋላ! በል እንግዲህ መስኮቱን ዝጋልኝ።»

«ልጅቷ ከጉድጓድ እስክትወጣ ይቆይ» አለ ቀስ ብሎ።

ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ማድ ቤት ገባች። ያንን የማይነካውን መስኮት ስትከፍተው ከሳሎን ተሰማው።