ሰላምታ የማትጨርሰው ላፕቶፕ

እህቴ ከጅዳ ላፕቶፕ ስትልክልን ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተር አዋቂ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አዋቂ ካሉት። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነው፤ አገሩ በሙሉ ይሰበሰባል፣ እኔ ቃለ ጉባኤውን እተይባለሁ። ከዚያ ውጭ የማውቀው ጠዋት ማብራትና ማታ ማጥፋት ነው። አባቴ ግን «የኔ ልጅ ኮምፒውተሩን እንደ ፈለገች ነው የምታዘው» እያለ መካነ ሰላምን ሁሉ አሳምኗል። ስለዚህ ዕቃዋ ከዐረብ አገር ከተመለሰችው ጎረቤታችን ሻንጣ ወጥታ መደቡ ላይ ስትቀመጥ ሁሉም አንገቱን ወደኔ አዞረ።

«እህ፣ እንዴት ናት?» አለኝ አባቴ።

«ርካሽ ናት» አልኩ። ምን ልዋሽ? ደብተር የምታህል ግራጫ ፕላስቲክ ናት፤ ስትከፈት ሲጢጥ ትላለች። አብርቻት ውኃ ቀድቼ ብመለስ እንኳ ገና ታስባለች። ቢሮ ያለው የኔ ኮምፒውተር አርጅቶም ቢሆን እንደሷ አያስብም።

«ዜና ታወራለች?»

«አታወራም አባዬ፣ ኢንተርኔት ትፈልጋለች።»

«መንዙማስ?»

«ከተጫነባት።»

«ታዲያ ለቤት ምን ትሠራለች?»

ጥያቄው እዚያው ቤት ውስጥ ቀረ። ያ ክረምት እስኪወጣ አባቴ ከመስጊድ በመጣ ቁጥር ጫማውን እያወለቀ «እሺ፣ ለቤት ትሆናለች ወይስ አትሆንም?» ይለኝ ነበር። የኔ ነገር ደግሞ፣ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ሲጠይቁኝ ደሜ ይፈላል።

እናቴ ግን ምንም አልጠየቀችም። የእህቴ ፊት እዚያች ዕቃ ውስጥ እንዳለ ተመላሿ ነግራታለች። እህቴ ላፕቶፗን ከማሸጓ በፊት ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ራሷን በቪዲዮ ቀድታ ነበር። ከሄደች ወዲህ እናቴ ድምጿን እንጂ ፊቷን አይታ አታውቅም፤ ድምጹም ቢሆን አሠሪዋ ከፈቀደች፣ መስመሩም ከፈቀደ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ቪዲዮውን ሊያይ ተሰበሰበ። ከፈትኩት። እህቴ ብቅ አለችና «አሰላሙ አለይኩም» ስትል እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ መለሰችላት። እህቴም ሰላምታዋን ጀመረች። የእኛን አገር ሰላምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ እህሉስ፣ ተብሎ አንድ ሰው ሲጠናቀቅ ወደ ሌላው ነው የሚታለፈው። ከአባቴ ጀመረች፣ ወደ አጎቶቻችን ሄደች፣ ኢማሙን ጠየቀች፣ ከአጥራችን ወዲያ ያሉትን ክርስቲያን ጎረቤታችንን «እትዬ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?» አለቻቸው። እሳቸውም «ኧረ እኔን! አልረሳችኝም!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። እናት የቅርብ ስለሆነች መጨረሻ ነው ተራዋ። ልክ እህቴ «አሁን ደግሞ…» ስትል ላፕቶፗ ድርግም አለች።

መብራት ሄዶ ይሆናል አልን፤ አምፖሉ በርቷል። መልሼ ከፈትኳት። እንደገና ከአባቴ ተጀመረ፣ እትዬም እንደገና አለቀሱ፤ ልክ እዚያው ስትደርስ ድርግም። በማግስቱም እንደዚያው።

እናቴ መዳፏን የላፕቶፗ ጎን ላይ አሳረፈችና ደነገጠች።

«ትኩሳት አላት!»

«እማዬ፣ ዕቃ ናት እኮ።»

«ዕቃስ ብትሆን? ከዚያ ሙቀት መጥታ የመካነ ሰላም ብርድ መታት እንጂ። ያለበስኳት አንሷት ነው!»

እውነት ለመናገር፣ ማልበሱንማ አልብሳታለች። በእኛ ቤት የክብር ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ፔርሙሱ ዳንቴል አለው፣ የውኃ ጀሪካኑ እንኳ ለዒድ የሚለብሰው አለው። ላፕቶፗ በመጣች ሰሞን እናቴ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ ነጭ ዳንቴል ሠርታ፣ ውስጡን ከፋይ ጨርቅ ገበር አድርጋለት፣ መስታወቷና ፊደሎቿ ብቻ እስኪቀሩ ድረስ አልብሳት ነበር። የምትቀመጠውም ጠረጴዛው ላይ፣ በስፖንጅ ትራስ ነው። ትኩሳቱ ሲገኝ ደግሞ ጋቢ ተደረበላት። ከዚያ ወዲህ የኢማሙን ሰላምታ እንኳ ሳታደርስ ትጠፋ ጀመር።

«እያየለባት ነው» አለች እናቴ።

«ርካሽ ስለሆነች ነው!» አልኩ እኔ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «እማዬ፣ ወዳንቺው ተራ ልዝለለው፤ በአንድ ጠቅታ ነው» አልኳት። በጥፊ የመታኋት ያህል አየችኝ።

«ሰላምታ ይዘለላል እንዴ? የማንን ነው የምትዘይው? የአባትሽን? ልጄ በአላህ ሰላምታ የመጣችውን አንቺ ባለጌ ታደርጊያታለሽ!»

እትዬም ተቀምጠው ነበርና «የኔንማ እንዳትነኪብኝ» አሉ። ቤታችን ደግሞ ሰው የማይጠፋበት ነው፤ ሰው በሌለ ጊዜም እናቴ ከመጀመሪያው ካልሆነ ወይ ፍንክች። ተውኩት።

ከዚያ እህቴ ደወለች። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ አየሽኝ አይደል? እስከ መጨረሻው?»

ስጦታሽ አይሠራም ብሎ ለሰው ልጅ እንዴት ይነገራል? ያውም በስንት ልፋት ለተላከ። «አየሁሽ ልጄ፣ ማሻአላህ» አለች እናቴ።

«ያልኩሽንስ አደረግሽልኝ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«አደረግሁ! እንዴታ!»

መስመሩ ሲቋረጥ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «ምን ይሆን ያለችኝ?» አለች። «ስለት አስገብታ ይሆን? ታማ ይሆን? ዱዓ አስደርጊልኝ ብላኝ ከሆነስ? አደረግሁ ብዬ ዋሸኋት እኮ!» ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም ራቃት። ሥራ ስትሠራ ድንገት ቆም ብላ «ምን ብላኝ ይሆን?» ትላለች። አንጀተ ደረቅ የምባለዋ እኔ እንኳ ጉርሻ ይዤ እለምናት ጀመር።

በዚህ መሀል ነው ከመናኸሪያው አጠገብ ስልክ ላይ ዘፈንና መንዙማ የሚጭነው ነጋዴ የላፕቶፗን ወሬ የሰማው። ለሥራው እንደሷ ያለች ትንሽ ትበቃዋለች። ትንሽ ያገለገለች ቴሌቪዥን ሰጥቶን እሷን ሊወስድ፣ የእህቴንም ምስል በፍላሽ ገልብጦ ቴሌቪዥኑ ላይ ሊያሳየን ከአባቴ ጋር ተነጋገሩ። አባቴ ደስ አለው። «ዜናም ታወራለች፣ ልጅቱም ትታያለች» አለ። እኔም «ይገላግለን» አልኩ። እናቴ ብዙ ካሰበች በኋላ «መጨረሻውን ካየሁ እሺ» አለች።

ነጋዴው ቴሌቪዥኑን በትከሻው ተሸክሞ መጣና በሩ ሥር አስቀመጠው። ጎረቤቱም መሰነባበቻ ነው ብሎ መጣ። እትዬ እንደ ለመዱት ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እስቲ ሠርታ ልያት» አለ ነጋዴው።

እጄን ልዘረጋ ስል እናቴ «ቆይ!» አለችኝ። «ልብሷ አብሮ አይሄድም። የለፋሁበት ነው።» ጋቢውን ገፈፈች፣ ዳንቴሉን እስከ ከፋዩ አወለቀች፣ ትራሱንም አነሳች። ሁሉንም ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘች። ላፕቶፗ ራቁቷን ጠረጴዛው ላይ ቀረች። እውነት ለመናገር አሳዘነችኝ።

ከፈትኩት። አባቴ ሰላም ተባለ። አጎቶቻችን ሰላም ተባሉ። ኢማሙ አለፉ። እትዬ «ኧረ እኔን!» አሉ። «አሁን ደግሞ…» የምትለው ቦታ ደረሰች፤ እኔ እንዳትጠፋብን ጠረጴዛውን ጨምድጄ ይዣለሁ።

አልጠፋችም።

«…አሁን ደግሞ እማዬ» አለች እህቴ። «አንቺን መጨረሻ ያደረግሁሽ ሰው ሁሉ የየራሱን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ብቻችንን እንድንሆን ብዬ ነው።»

ወደ ቤቱ የሄደ የለም። ነጋዴው እንኳ ቁጭ ብሏል።

«መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ወላሂ አውቅሻለሁ! ይህችን ዕቃ ዳንቴል እንዳታለብሺያት። ትራስ ላይም እንዳታስቀምጫት። በጎኗ ነው የምትተነፍሰው፤ ከታፈነች ትግልና ትጠፋለች። እሺ በይኝ።»

የቤቱ ዓይን በሙሉ እናቴ ብብት ሥር ወዳለው ጥቅል ዞረ። አባቴ ሳል ያዘው። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው፤ ከዚያ ማን ይቻለን! ነጋዴው ግድግዳ ተደግፎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «እሺ» አለች ለምስሉ፣ በዝግታ። «እሺ፣ ልጄ።» ጥቅሉን ቀስ ብላ መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

«በይ፣ ሌላ ወሬ የለኝም» አለች እህቴ። «በስልክ ስንጣደፍ የምናወራው ይበቃናል። አሁን ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። እስኪበቃሽ እይኝ።»

ሻሿን ወደ ኋላ ሸርተት አደረገችና ዝም አለች። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። በስልክ «ወፍሬያለሁ» ትለን ነበር። አልወፈረችም። ጉንጯ ሟሙቷል፣ ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ግን እያየችን ነው፤ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፣ አንዳንዴ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ አትናገርም። እናቴ ወንበሯን ጎትታ እስክትነካት ድረስ ቀረበች።

ነጋዴው ቴሌቪዥኑን መልሶ ተሸከመ። «አይስጧት፣ እማማ» ብሎ ወጣ፤ እናቴ ግን አልሰማችውም።

አባቴ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ ልማዱ አልለቀውም፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እሺ፣ ለቤት ትሆናለች?» አለኝ።

«እንዲያም ሆኖ ርካሽ ናት» አልኩ፤ ወንበሬን ግን ወደ እናቴ አስጠጋሁ።

እናቴ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል እጇን ወደኛ አወናጨፈች።

«ዝም በሉ» አለች። «እያየችኝ ነው።»