የቀጭን ሰው ጉበት

ጋምቤላ ውስጥ እኔን የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በቅጥነቴ ነው። የእህቴ የአሪየት ጉበት ከጥቅም ውጭ ሆኖ፣ ከዘመድ ጉበት ተቆርጦ ካልተሰጣት እንደማትተርፍ ሐኪሞች ሲነግሩን "የኔን ውሰዱ" አልኩ። መጀመሪያ ግን ጉበቴ ላይ ያለው ስብ በትክክል መለካት አለበት ተባለና እኔና አሪየት አዲስ አበባ ለኤምአርአይ ምርመራ ተላክን።

ስብ? እኔ? በሆዴ ሳቅኩ።

ጠባብ ቧንቧ በሚመስል ማሽን ውስጥ አስተኙኝ። "ትንፋሽህን ያዝ" አለኝ አንድ ድምፅ። ያዝኩ። ማሽኑ ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ ሰው ይጮሃል፤ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ለአሪየት ብዬ ቻልኩት።

ዶክተሯ እኔና አሪየት ፊቷ ተቀምጠን ውጤቱን አይታ አንገቷን ደፋች።

"አዝናለሁ ወንድሜ፣ ጉበትህ ላይ ብዙ ስብ አለ። ቀጭን ሰውም ላይ ይከሰታል። በዚህ ሁኔታ መስጠት አትችልም።"

"ሌላ የሚሰጣት የለም እኮ!" አልኩ።

"ለስላሳና ጣፋጭ ተው፤ ከወራት በኋላ እንደገና እንለካሃለን።"

አሪየት ያን ያህል ጊዜ እንደሌላት ሦስታችንም እናውቃለን። ከታመመች ወዲህ ፈገግ ብላ የማታውቀው እህቴ፣ አጠገቤ እንደተቀመጠች፣ ድንገት እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

"ዶክተር፣ እሱ ከዚህ በላይ ከከሳ ቀድሞኝ ይቀበራል" አለች።